ቀስቱ ሃምሳ ላይ ነበር

ማክሰኞ፣ የካቲት 25 ቀን

ለልጄ ለብሎኔ፤

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ሥራሽስ? ያ ብርድ የሚያስገባው መስኮትሽ ተሠራልሽ ወይስ የቤቱ ባለቤት አሁንም ዛሬ ነገ እያለ ያመላልስሻል? ካልተሠራ ጨርቅ አትጠቅጥቂበት፤ ጨርቅ ውሃ ይይዝና ይሸታል። በአካባቢሽ ጎሚስታ ፈልጊና አሮጌ ከመነዳሪ ለምኚ። አሮጌ ከመነዳሪ የሚነፍግ ጎሚስታ በዓለም ላይ የለም። ላስቲኩን በቀጭኑ ቆርጠሽ በፍሬሙ ዙሪያ ለጥፊው። ከዚያ በኋላ ንፋስ ከገባ እኔን ውቀሺኝ።

እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ እንደ ባለቤቱ አልታጠፍም አለ እንጂ ሌላ የሚያመኝ የለም። ጎሚስታ ቤቱም ክፍት ነው። ጠዋት ጠዋት ሁለት ሦስት ጎማ ይመጣል፤ ከሰዓት በኋላ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ የሚያልፈውን መኪና ሁሉ ጎማ እያየሁ በሆዴ እሳደባለሁ።

ይህን የምጽፍልሽ በገዛ እጄ ነው። ታውቂያለሽ፣ ድሮ የደብዳቤ ሥራ የእናትሽ ነበር። እኔ ከጎኗ ተቀምጬ «ይህን በያት፣ ያንን በያት» እላለሁ፤ እሷ እሺ እሺ እያለች የራሷን ትጽፋለች። ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን «አንተ ተናገር፣ እኔ ልጻፍልህ» ብሎኝ ነበር፤ እምቢ አልኩት። የእሱ ብዕር እንደ መቀሱ ነው፤ ከሰጠሽው ጨርቅ ለራሱ ትንሽ ሳያስቀር አይመልስም። ስለዚህ ከሐሙስ ጀምሮ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያልኩ ዛሬ ላይ ደርሻለሁ። ፊደሉ ቢንጋደድብሽ አትሳቂ፤ እያንዳንዱን እንደ ጎማ ብሎን አጥብቄ ነው ያሰርኩት።

በስልክ እንዳልነግርሽ፣ የስልኩን ነገር ታውቂዋለሽ። አንቺ «ደህና ነህ?» ትያለሽ፤ እኔ «ደህና ነኝ» እላለሁ፤ ከዚያ ሁለታችንም ዝምታውን እናዳምጣለን። «በል እሺ»፣ «በይ እሺ» ተባብለን እንዘጋለን። ከመስከረም ወዲህ አምስት ወር እንዲህ አለፈ።

ወሬው ምን መሰለሽ፤ አባትሽ ተከሶ ፍርድ ቤት ቀረበ። አትደንግጪ፤ ሰው አልገጨሁም፣ ከማንም አልተጣላሁም። በፍጥነት ነዳህ ተብዬ ነው። እኔ! ሳቂ፣ ግድ የለም። ሰፈሩ ሁሉ ስቆብኛል።

መጥሪያው የመጣው በታኅሣሥ ነው። ፖስተኛው አስፈርሞኝ ሄደ። እኔ ማኅተም ያለበት ወረቀት ሳይ ፊደሉ ሁሉ ይደባለቅብኛል፤ ስለዚህ ለልብስ ሰፊው ወሰድኩለት። የመጀመሪያ ጥፋቴ እሱ ነበር። መነጽሩን አደረገና ደጃፉ ላይ ቆሞ ለእኔ ሳይሆን ለመንገዱ አነበበው።

«‹በሰዓት ከሃምሳ ኪሎ ሜትር በላይ መንዳት በተከለከለበት መንገድ ላይ በሰዓት ሃምሳ ስምንት ኪሎ ሜትር በመንዳትዎ…› ኧረ ጉድ! ኑ ስሙ! ሰውዬው በሰባ አንድ ዓመቱ ጎረምሳ ሆነ!»

«ቀስ ብለህ አንብብ» አልኩት።

«አንተ ቀስ ብለህ ሳትነዳ እኔ ለምን ቀስ ብዬ አነብባለሁ?»

ዳቦ ሻጯ ከማዶ ሆና «ማንን ሊያገባ ነው እንዲህ የሚሮጠው?» አለች። «እስቲ ሙሽራዋን ጠይቁልን!»

እኔ ግን «ቀኑ መቼ ነው የሚለው?» ብዬ ጠየቅኩ።

መስከረም ሃያ ስድስት፣ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ከአርባ። የዱቄት ፋብሪካው አጠገብ፣ ሰፊው መንገድ ላይ። እዚያ ምሰሶ ላይ ካሜራ ሰቅለዋል።

ቀኑን አወቅሽው? እኔ ወዲያው ነው ያወቅኩት። አንቺን ወደ አውቶቡስ ጣቢያ የወሰድኩበት ጠዋት ነው። ወረቀቱን ከእጁ ነጥቄ ቤቴ ገባሁ። ሳቁ ከኋላዬ ቀረ።

ያን ጠዋት አንቺም አልረሳሽውም። የሦስት ሳምንት ፈቃድ ይዘሽ መጥተሽ በአሥራ አንደኛው ቀን ሻንጣሽን ዘጋሽ። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ከልብስ ሰፊው ሚስት ጋር ወደ እናትሽ መቃብር ሄደሽ ስትመለሺ ዓይንሽ ቀልቶ ነበር። «ባዳ እንኳ አረሟን እየነቀለላት፣ አንተ በሁለት ዓመት አንድ ቀን ሄደህ አላየሃትም» አልሽኝ። እኔ ጎማ እየነፋሁ ነበር፤ መንፋቴን ቀጠልኩ። «መልስልኝ እንጂ!» አልሽ። በማግሥቱ ሻንጣሽን ፒካፗ ላይ ጫንን።

ስትሳፈሪ «ይህች መኪና ከፍ ብላለች እንዴ?» አልሽኝ። «አንቺ አጥረሽ ነው» አልኩሽ። በዚያ ቀን ከአፌ የወጣው ቀልድ እሱ ብቻ ነው፤ አልሳቅሽም። ትንሽ እንደሄድን «ለምን በዚህ ዞርን?» አልሽ። «የገበያው መንገድ ተቆፍሯል» አልኩሽ። አንቺ በመስኮቱ በኩል፣ እኔ መሪው ላይ፣ መሃል ላይ ማንም የለም።

የዱቄት ፋብሪካውን ስናልፍ፣ ፊትሽን ሳታዞሪ፣ «አባዬ፣ እንዲህ የምታበረው ቶሎ እንድትገላገለኝ ነው?» አልሽኝ።

«ሃምሳ ነው» አልኩሽ። የፍጥነት ቆጣሪውን ቀስት በጣቴ አሳየሁሽ። «ይኸው ሃምሳ። ከተጻፈው አንዲት አላለፍኩም።»

ስልክሽን አውጥተሽ አየሽ። «ስልኬ ሃምሳ ስምንት ይላል።»

«ስልክሽ ጎማ አለው?»

«አባዬ…»

«ጎማ የሌለው ነገር ስለ ፍጥነት ምን ያውቃል? አርባ ሦስት ዓመት በጎማ የኖርኩ ሰው ስለ ጎማ ከስልክ ልማር?»

ጣቢያ ስንደርስ ሻንጣሽን ራስሽ አወረድሽ። «ደህና ሁን» አልሽ፤ «ደህና ግቢ» አልኩ። አልተሳሳምንም።

«ቶሎ እንድትገላገለኝ ነው?» ያልሽው ነገር አምስት ወር ሙሉ አልለቀቀኝም። ጠጠር በጎማ ጥርስ መሃል ስትገባ በየዙሩ ቀጭ ቀጭ እያለች እንደምትሄድ ታውቂያለሽ፤ እንደዚያ ነው የሆነብኝ። መኪናውን አቁመሽ ካላወጣሻት አትተውሽም።

ስለዚህ መጥሪያው ሲመጣ እንደ ሌላው ሰው ቅጣቱን ከፍዬ ዝም አላልኩም። ወረቀቱ «ጥፋቱን ካመኑ ፈርመው ይመልሱ፤ ካላመኑ ችሎት ይቅረቡ» ይላል። ልብስ ሰፊው «ፈርምና ገላግለን፣ ትንሽ ነገር ናት» አለኝ። አልፈርምም አልኩ። «ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ፤ አንተን ማን መክሮህ ይሳካለታል!» ብሎ ተወኝ።

ለእሱ ያልነገርኩትን ላንቺ ልንገርሽ። እኔ የፈለግኩት ወረቀት ነው። ዳኛ የፈረመበት፣ ማኅተም ያረፈበት፣ «ይህ ሰውዬ በፍጥነት አልነዳም» የሚል ወረቀት። እሱን ምንም ሳልጨምርበት በፖስታ አድርጌ ልልክልሽ ነበር። አንብበሽ «ለካ አባቴ አላበረረም፤ ለካ ሊገላገለኝ አልነበረም» እንድትይ። ፖስታውን እንኳ ቀድሜ ገዝቼ አድራሻሽን ጽፌበት ጠረጴዛው ላይ አቁሜው ነበር። ሞኝ በዪኝ። በአፌ ያቃተኝን ማኅተም ይናገርልኝ ብዬ ነው።

ቀጠሮው ባለፈው ረቡዕ ነበር። ልብስ ሰፊው ኮቴን በነጻ አስተካከለልኝ፤ ያስከፈለኝ በምክሩ ነው። መርፌውን በከንፈሩ ይዞ ሲያሠለጥነኝ ሰነበተ።

«ዳኛ ፊት እጅህን ከኪስህ አውጣ። ሲጠይቁህ ብቻ መልስ። ስለ ጎማ ደግሞ አታውራ።»

«ታዲያ ስለ ምን ላውራ?»

«ስለ ምንም። እኔ እመሰክርልሃለሁ።»

«አንተ ምን አይተህ ነው የምትመሰክረው?»

«ሠላሳ ዓመት ስትነዳ አይቻለሁ። ብስክሌት ቀድሞህ ሲሄድ አይቻለሁ። አንድ ቀን እንዲያውም ሕፃን በጋሪ የምትገፋ ሴት ቀድማህ አልፋለች፤ በመሐላ እናገራለሁ።»

ችሎቱ ትንሽ ክፍል ነው። ግድግዳው እስከ ወገቡ አረንጓዴ፣ ከዚያ በላይ ነጭ። ሦስት አግዳሚ ወንበር አለ፤ የፊተኛው አንድ እግሩ አጭር ስለሆነ ሰው በተነሣና በተቀመጠ ቁጥር ይንቋቋል። ዳኛዋ ሴት ናት፤ በዕድሜ ካንቺ ብዙ አትበልጥም፤ ፋይሉ ከፊቷ እስከ አገጯ ተከምሯል። ከእኔ በፊት የቀረበው የዳቦ ማመላለሻ ሹፌር ነበር። «ለምን በፍጥነት ነዱ?» ሲባል «ዳቦው እንዳይቀዘቅዝ» አለ። «ሰውስ ቢቀዘቅዝ?» አለችው። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሷ ግን ጽሕፈቷን ቀጠለች። ይህች ዋዛ አይደለችም አልኩ በልቤ።

ስሜ ተጠራ። ቆምኩ፣ እጄንም ከኪሴ አወጣሁ።

«አባት፣ መቀመጥ ይችላሉ» አለችኝ።

«ቆሜ ነው የምከራከረው።»

«እንደ ፈቀዱ። የተከሰሱበትን ጥፋት ፈጽመዋል?»

«አልፈጸምኩም። ሃምሳ ላይ ነበርኩ። ዓይኔን ከቀስቱ ላይ አልነቀልኩም።»

ትራፊኩ ተነሣ። ጨዋ ልጅ ነው። ካሜራው በየስድስት ወሩ እንደሚመረመር ተናገረ፤ የተመረመረበትንም ወረቀት አሳየ። እኔ «ምሰሶው ላይ ወፍ አርፋ አነቃንቃው ቢሆንስ?» አልኩ። «ወፍ ፍጥነት አትጨምርም፣ አባባ» አለኝ። ልብስ ሰፊው ከኋላዬ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ዝም በል ማለቱ ነው።

ከዚያ ዳኛዋ «ፎቶግራፉን ያሳዩአቸው» አለች። ትልቅ አድርገው አትመውት ኖሮ አምጥተው እጄ ላይ አኖሩልኝ።

ልጄ፣ ፎቶው ከኋላ የተነሣ ነው። ታርጋዋ ይታያል፤ የኋላ መስኮቷም። በመስኮቱ ውስጥ ሁለት ጭንቅላት አለ። ያንቺ ወደ ውጭ ዞሯል፣ የእኔ ወደ ፊት ተገትሯል። በመሃላችን ያለው ክፍት ቦታ አንድ ሰው ያስቀምጣል፤ ማን ትቀመጥበት እንደነበር አልነግርሽም። እሱን ሳይ ትንሽ ቆየሁ። ዳኛዋም አላስቸኮለችኝም።

ቀጥሎ ዓይኔ እንደ ልማዱ ወደ ታች ወረደ። አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ ሰው ሲመጣብኝ ከፊቱ በፊት ጎማውን ነው የማየው። ጎማዎቹ ከጭቃ መከላከያው ወጣ ብለዋል። ቁመታቸውም የዚያች መኪና አይደለም። የሌላ ሰው መኪና ቢሆን ኖሮ «ወንድሜ፣ ይህን የጭነት መኪና ጎማ ለዚህች ምስኪን ማን አሰረላት?» ብዬ እስቅበት ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። እኔም ፒካፗ ስትሄድ ከኋላዋ ሆኜ አይቻት አላውቅም፤ ሁልጊዜ ውስጧ ነኛ።

ጎማውን ያሰረላት እኔ ነኝ።

አንቺ ከእኔ የበለጠ ተምረሻል፤ ይህችን ግን ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ፣ በስምንት ዓመትሽ፣ መሬት ላይ በጠመኔ እያሰመርን። ትልቅ ጎማ አንድ ዙር ሲዞር ከትንሹ የበለጠ መሬት ይሄዳል። ቆጣሪው ደግሞ ዙሩን ነው የሚቆጥረው፤ ጎማው መለወጡን ማን ይነግረዋል? የለመደው ጎማ መስሎት ሃምሳ ይላል፤ መኪናዋ ሃምሳ ስምንት ትሄዳለች። ይህን ለስንቱ ደንበኛ ተናግሬያለሁ! «ጎማ ካሳደግህ ቆጣሪህን አትመን» እያልኩ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች። ለእኔ የነገረኝ ማንም የለም፤ የነገርሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ። አንቺንም ስልክሽ ጎማ አለው ወይ ብዬ አፍሽን አስያዝኩሽ።

ፎቶውን እንደያዝኩ አግዳሚው ላይ ቁጭ ስል ተንቋቋ።

«አባት፣ ደህና ነዎት?» አለች ዳኛዋ።

በዚያ ክፍል ውስጥ ይህን ያየ ሌላ ሰው አልነበረም። ትራፊኩ ካሜራ እንጂ ጎማ አያውቅም። ዝም ብል፣ ያረጀ ሰው ነው ብላ ልትለቀኝ ትችል ነበር፤ ልብስ ሰፊውም በኋላ «ፊቷ ወደዚያ ያዘነበለ ነበር» ብሎኛል። ወረቀቴን ይዤ እወጣለሁ፤ ፖስታውም ቤት ቆሞ ይጠብቀኛል። ግን ያ ወረቀት ውሸት ነው። ያላጠበቅኩትን ብሎን አጥብቄዋለሁ ብዬ ሰው ወደ መንገድ ሰድጄ አላውቅም፤ ካንቺ ልጀምር?

«ክብርት ዳኛ» አልኩ፤ «ካሜራው ልክ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው። ጎማውን ያሰርኩት እኔ ነኝ።»

ከዚያማ ስለ ጎማ አታውራ የተባልኩት ሰውዬ ሩብ ሰዓት አወራሁ። ብዕር ተበድሬ በፎቶው ጀርባ ላይ ሁለት ክብ ሣልኩ፣ ትንሽና ትልቅ። ትራፊኩ ሳይቀር አጠገቤ መጥቶ አጎንብሶ አየና «የእኔም መኪና እኮ…» ብሎ ጀመረ፤ ዳኛዋ ቀና ብላ ስታየው ዋጠው።

እስክጨርስ ድረስ ጻፈች። ከዚያ ብዕሯን አስቀመጠች። «አባት፣ ሥራዎ ይህ ነው። እንደማይሆን ከማናችንም ይበልጥ ያውቃሉ። ታዲያ ለምን ቀየሩት?»

የተበደርኩትን ብዕር ለባለቤቱ መለስኩ።

«መኪናዋ ከባድ ጭነት ትጭናለች?»

«አትጭንም።»

«የሚነዱት ከተማ ውስጥ ነው፣ አስፋልት ላይ። ለምን አስፈለገ?»

ዝም አልኩ። የእኔን ዝምታ ታውቂዋለሽ፤ አንቺን አሸንፎሻል። እሷ ግን አገጯን በእጇ ደግፋ ጠበቀችኝ። የግድግዳው ሰዓት ይቆጥራል። ከኋላ አንድ ሰው አስነጠሰ። እናትሽም እንዲህ ነበር የምታደርገኝ፤ አትጨቃጨቅም፣ ትጠብቃለች።

«መንገዱ ዳገት ነው» አልኩ በመጨረሻ።

«የት የሚወስደው መንገድ?»

«የመቃብር ቦታው። ከታችኛው በር በኋላ አስፋልት የለም፣ ድንጋይ ነው። የመኪናዋ ሆድ ይነካል። የዘይት መያዣዋ ሁለት ጊዜ ተሰነጠቀብኝ። ከፍ እንድትልልኝ ብዬ ነው ትልቁን ያሰርኩላት።»

«በየስንት ጊዜው ነው የሚሄዱት?»

«በየእሑዱ። ረቡዕ ረቡዕም ሥራ ካልበዛ። ዛሬም እዚህ ባትጠሩኝ ኖሮ እዚያ ነበርኩ።»

«ማን አለዎት?»

«ባለቤቴ።»

ከኋላዬ ልብስ ሰፊው ሲናፈጥ ሰማሁት። ደጃፍ ለደጃፍ ሠላሳ ዓመት የኖርን ሰዎች ሆነን እሱም አያውቅም ነበር፤ እሑድ እሑድ አሮጌ ጎማ ልገዛ ነው የምሄደው እያልኩ እሸውደው ነበር።

ይኸው ነው ልጄ። አረሟን የሚነቅልላት ባዳ አይደለም።

ለምን አልነገርከኝም ትያለሽ። በምን አፌ? በቀብሯ ማግሥት «ሄደን እንያት» ስትዪኝ «ድንጋይ ለማየት ከሆነ በየመንገዱ አለ» ያልኩሽ እኔ ነኝ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። አንቺ ወደ ሥራሽ በተመለስሽ በሦስተኛው ቀን ድንጋዩን ለማየት ሄድኩ። ከዚያ ወዲያ ቃሌን መዋጥ አቃተኝ፤ አንድ ሳምንት ሲያልፍ ከበደኝ፣ ዓመት ሲያልፍ ጭራሽ ተቆለፈ። የዛገ ብሎን እንዲያ ነው።

እዚያ ምን ትሠራለህ ካልሽኝ፣ ብዙ አልሠራም። አረም እነቅላለሁ። ድንጋዩ ስለሚቀዘቅዝ የከመነዳሪ ቁራጭ አንጥፌ እቀመጥበታለሁ። በሳምንቱ ማን እንደመጣ፣ ማን እንዳረጀ፣ ልብስ ሰፊው የማንን ሱሪ እንዳሳጠረበት እነግራታለሁ። መስከረም ላይ ስትመጪ «መጥታለች» ብያት ነበር። ስትሄጂም «ሄደች» አልኳት። መጣላታችንን ግን አልነገርኳትም ነበር።

ዳኛዋ ጥፋተኛ ነህ አለችኝ። ቅጣቱን አቀለለችው፤ ጎማውንም በአሥር ቀን ውስጥ ቀይሬ እንዳስመረምር አዘዘች። እጅ ነሥቼ በሩ ጋ ስደርስ «አባት» ብላ ጠራችኝ። «ዛሬ ረቡዕ ነው። ገና አምስት ሰዓት አልሞላም።» ይህን ብላ ወደ ቀጣዩ ፋይል አቀረቀረች።

ሄድኩ። ልብስ ሰፊው «ልከተልህ?» አላለኝም፤ ብቻ በፒካፗ ሌላኛው በር ገብቶ ተቀመጠ። እስከ ታችኛው በር ድረስ አንድ ቀልድ አልቀለደም። ከፍርዱ ይልቅ እሱ ከበደኝ። «በል እንግዲህ፣ አንድ ነገር ተናገር፣ የሞትኩ እኮ አስመሰልከው» አልኩት። ትንሽ አሰበና «ኮቱን ቆሻሻ ላይ እንዳትቀመጥበት» አለኝ። እሱ መኪናው ውስጥ ቀረ። ያን ዕለት ለእናትሽ ሁሉንም ነገርኳት፤ መጣላታችንንም።

ሐሙስ ጠዋት ትልልቆቹን ጎማዎች አውርጄ የድሮዎቹን አሰርኩ። ብሎኖቹን ቆቤ ውስጥ አደረግኳቸው። አንዷ ተንከባልላ ከመኪናዋ ሥር ገባች፤ በሆዴ ተኝቼ አወጣኋት። አንቺ በአምስት ዓመትሽ በቀሚስሽ አቅፈሽ ስትይዢልኝ አንድም ቀን አንድም ጠፍቶብሽ አያውቅም። እጄን ስዘረጋ መዳፌ ላይ አንድ በአንድ ታስቀምጪልኝ ነበር፤ ከመስጠትሽ በፊት ደግሞ በትንፋሽሽ እፍ እያልሽ ታጸጂያቸዋለሽ። እናትሽ «የሴት ልጅ ስም ነው እንዴ ብሎን?» እያለች ትቆጣኝ ነበር።

አሁን ቆጣሪው እውነት ይናገራል። ፒካፗ ግን ዳገቱን አትወጣም። ታችኛው በር ላይ አቁሜያት በእግሬ እወጣለሁ። ሩቅ አይደለም፤ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የማርፈው።

ለማላውቃት ሴት በችሎት የተናገርኩትን ከልጄ ብደብቅ ነውር ነው ብዬ ነው ይህን ሁሉ የጻፍኩት። ከተጀመረ አይቀር አንድ የቀረች አለች፤ እሷን ለዳኛዋም አልነገርኩም። ያን ጠዋት የገበያው መንገድ አልተቆፈረም ነበር። በገበያው በኩል ጣቢያው አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። በዱቄት ፋብሪካው በኩል ሠላሳ አምስት። ካሜራው ያለው እዚህኛው ላይ ብቻ ነው፤ በአጭሩ ብወስድሽ ኖሮ የሚከሰኝ አልነበረም። ጎማውም ሳላውቅ አምስት ደቂቃ ሰረቀብኝ። እስካሁን የሚቆጨኝ እሱ ነው።

የፍርዱን ወረቀት ከዚህ ጋር አድርጌልሻለሁ። «ጥፋተኛ» ይላል፤ ማኅተምም አለው። ቀድሜ በገዛሁት ፖስታ ነው የምልከው፤ አድራሻሽ ስላለበት አይባክንም። ስልክሽ ልክ ነበር። አንቺም በግማሹ ልክ ነበርሽ። የቀረውን ግማሽ ከመንገዱ ርዝመት አስልተሽ ድረሺበት።

ፈጣሪ ከክፉ ይሰውርሽ። የምትረግጪው መሬት አይንሸራተትብሽ፤ የምትሳፈሪበት ሁሉ ፍሬኑ አይክዳሽ። ሲበርድሽ የሚያለብስሽ፣ ስትዘገዪ የት ቀረች የሚልሽ ሰው አይጥፋ። እናትሽ ሳትኖረው የቀረውን ዕድሜ ላንቺ ይጨምርልሽ።

አባትሽ፣
ጎሚስታው

ደግሞም፦ የገበያው መንገድ ከትናንት ጀምሮ ተቆፍሯል። አሁን እውነቴን ነው፤ ካላመንሽኝ ልብስ ሰፊውን ጠይቂው። ለውሃ ቧንቧ ነው አሉ፤ ቶሎ አያልቅም። ስለዚህ ስትመጪ ከጣቢያ ወደ ቤት የምንገባው በረጅሙ መንገድ ነው። በሃምሳ።